የድሮ ጠመንጃ አምሳያ ከእንጨት እንዴት ይሠራል? ደረጃ በደረጃ

በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን የድሮ ጠመንጃ አምሳያ ከእንጨት ሠርተው ሳሎን ሊሰቅሉ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚሰናከሉት ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። ሰደፉን፣ ማለትም የእንጨት አካሉን፣ ቀድመው ያድቦለቡሉታል። አፈሙዙን፣ ማለትም ረጅሙን ቱቦ፣ ሊያስቀምጡ ሲሉ ሜትር የሚያሳርፉበት ቀጥ ያለ ጠርዝ የለም። ከዚያ አፈሙዙ ወደ አንድ ጎን ይዘማል፣ ክፍተቱ በኮላና በሰጋቱራ ይደፈናል፣ ዘይት ሲቀባ ጠባሳው ይጎላል።

መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። ልኬት የሚፈልገው ሥራ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ እንጨቱ አራት ማዕዘን ይቆይ። ማድቦልቦል የመጨረሻ ሥራ ነው። ከታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ይህ የማይተኩስ አምሳያ ነው

አፈሙዙ ድፍን እንጨት ነው። ቀዳዳ የለውም፤ እንዳትበሱት። መቺውና ምላጩም (ጣት የሚስበው ክፍል) አይንቀሳቀሱም። የሚተኩስ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መሥራት በሕግ የተከለከለ ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን የሚመለከት ስለሆነ "ለመዝናኛ ነው" የሚል ምክንያት አያዋጣም።

አምሳያም ቢሆን ይዛችሁ መንገድ አትውጡ። ባጃጅ ላይ ከሩቅ ያየ ሰው እንጨት መሆኑን አያውቅም። ለማጓጓዝ ከተገደዳችሁ አፈሙዙን ፈትታችሁ ለየብቻ ጠቅልሉት። ደረጃ 8 ላይ በኮላ ሳይሆን በብሎን የምናስረው ለዚህም ጭምር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለሰደፉ፦ 85 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 16 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያላቸው 2 ጣውላዎች
- ለአፈሙዙ፦ 90 ሳ.ሜ. ርዝመት ያለው፣ አራቱም ጎኑ 24 ሚ.ሜ. የሆነ ዘንግ
- ለመጠቅጠቂያው (ባሩድና ጥይት በአፈሙዙ የሚጠቀጠቅበት ዘንግ)፦ 8 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ክብ ዘንግ
- 1.5 ሚ.ሜ. የናስ ላሜራ፣ ለምላጭ መከለያ ደግሞ 2 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የናስ ቁራጭ
- መጋዝ፣ የቅርጽ መጋዝ፣ መላጊያ፣ 6 እና 12 ሚ.ሜ. መሮ፣ የእንጨት ሞረድ፣ ስኳድራ፣ ድሪል፣ ቢያንስ 6 ሞርሴቶ (እንጨት አጣብቆ የሚይዝ ማጥበቂያ)
- የእንጨት ኮላ፣ የተልባ ዘይት፣ አቼቶ፣ ሻይ ቅጠል፣ ሰም
- 80፣ 120፣ 180 እና 240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት

ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚተከል ማሰሪያ) ከሌላችሁ ጠንካራ ጠረጴዛና ሞርሴቶ ይበቃል። መሮው ግን የተሳለ ይሁን። በዶለዶመ መሮ እንጨት አይቆረጥም፣ ይቀደዳል።

## ደረጃ 1፦ እንጨቱን መምረጥና ማድረቅ

የመጀመሪያ ምርጫዬ ዋንዛ ነው። ለመሮ ይታዘዛል፣ ዘይት ሲጠጣ ቀለሙ ያምራል። ትኩስ ግንድ ፍለጋ አትሂዱ። አሮጌ የዋንዛ አልጋ ወይም ቁምሳጥን ግዙ። ለዓመታት ቤት ውስጥ የቆየ እንጨት ስለሆነ ደርቆ ጨርሷል። ዋንዛ ከጠፋ ግራቪሊያ ጥሩ ነው። ባህር ዛፍ አልመክርም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ጣውላውን ስታዩ መስመሩን ተከተሉ። የእንጨቱ ጭረት በሰደፉ አንገት፣ ማለትም እጅ በሚጨብጠው ቀጭን ቦታ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሰያፍ ካቋረጠ አምሳያው አንድ ቀን ከዚያ ይሰበራል። ጭረቱ አንገቱን ተከትሎ በቁመቱ መሄድ አለበት። ጉጥ ያለበትን ጣውላ ጉጡ ቆርጣችሁ በምትጥሉት ክፍል ላይ እንዲውል አድርጋችሁ ተጠቀሙ።

መድረቁን በግምት አትወስኑ። ጣውላውን በሚዛን መዝኑና ክብደቱን በእርሳስ ጎኑ ላይ ጻፉ። ከ5 ቀን በኋላ ደግማችሁ መዝኑ። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አትቁረጡት።

አዳማ ለምትሠሩ፣ ነፋሱ እዚህ ላይ ያሳስታል። ከከተማዋ ዳር የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ነፋሱ የጣውላውን ጫፍ ቶሎ ያደርቀዋል፣ መሐሉ ግን እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ጫፉ ላይ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሰም ወይም በቀለም ድፈኑ። ጣውላውን ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ፣ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ደርድራችሁ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የምታሰጡት እህል አይደለም።

ስንጥቅ ከታየ፦ ስንጥቁ ካለቀበት 3 ሳ.ሜ. አልፋችሁ ቁረጡ። ስንጥቅ በኮላ ተይዞ ይቆማል ብላችሁ አትጠብቁ።

## ደረጃ 2፦ ሁለቱን ጣውላዎች ማጣበቅ

5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ደረቅ ጣውላ ማግኘት ከባድ ነው። ሁለት ጣውላ ማጣበቅ ግን ሌላም ጥቅም አለው፤ የመጋጠሚያው መስመር ራሱ የሥራችሁ መሐል መስመር ይሆናል።

1. ሁለቱን ፊቶች በመላጊያ አስተካክሉ። አንዱን በአንዱ ላይ ጫኑና ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን የሚያሾልክ ከሆነ እንደገና ላጉ።
2. ኮላውን በሁለቱም ፊት ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ።
3. ሞርሴቶውን ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር እሰሩ። ከዳር ከጀመራችሁ ኮላው መሐል ይታፈናል።
4. በጠቅላላው ርዝመት የተጨመቀ የኮላ ጠብታ መውጣት አለበት። ያልወጣበት ቦታ አልተጣበቀም።
5. ለ24 ሰዓት አትንኩት።

ጣውላዎቹ ከተንሸራተቱ፦ ሞርሴቶ ከማጥበቃችሁ በፊት ኋላ በሚቆረጠው ክፍል ላይ ሁለት ቀጭን ሚስማር ምቱ። ያን ጊዜ አይንሸራተቱም። ሚስማሮቹን ከመጋዝ በፊት ማውጣት እንዳትረሱ።

## ደረጃ 3፦ አፈሙዙን ስምንት ማዕዘን ማድረግ

የአንዳንድ የድሮ ጠመንጃዎች አፈሙዝ ስምንት ጎን ነበረው። ልኬቱ ቀላል ነው፤ 24 ሚ.ሜ.ውን 7፣ 10፣ 7 አድርጋችሁ ክፈሉ። በአራቱም ጎን ላይ ከሁለቱም ጠርዝ 7 ሚ.ሜ. ገባ ብላችሁ በቁመቱ መስመር አስምሩ። አሁን እያንዳንዱ ሹል ማዕዘን ከግራና ከቀኙ መስመር አለው። ማዕዘኑን እስከ ሁለቱ መስመሮች ድረስ በመላጊያ አንሱት። ስምንቱም ጎን 10 ሚ.ሜ. ይወጣል።

ዘንጉ እንዳይዞር በሁለት ቁራጭ እንጨት መሐል የV ቅርጽ ያለው ማሳረፊያ ሥሩለት። መስመሩ ሊጠፋ ሲል አቁሙ። የቀረውን የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ጨርሱት። በእጅ ብቻ ካሻችሁት ጠርዞቹ ይሞታሉ፤ የዚህ አፈሙዝ ውበት ደግሞ ጠርዙ ላይ ነው።

ጫፉ ላይ ያለውን "ቀዳዳ" ኋላ በጥቁር ቀለም ክብ አድርጋችሁ ትስላላችሁ።

## ደረጃ 4፦ የአፈሙዙን ቦይ መቆፈር

ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። ጊዜ ስጡት።

የተጣበቀው ጣውላ አሁንም አራት ማዕዘን ነው። የላይኛው ጠርዙ የአፈሙዙ ወገብ ነው። ማለትም የአፈሙዙ ግማሽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ ከላይ ይታያል።

1. ከፊተኛው ጫፍ 45 ሳ.ሜ. ለኩና በስኳድራ መስመር አስምሩ። ቦይው እዚህ ያበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው 40 ሳ.ሜ. ሰደፍና አንገት ነው።
2. ከኮላው መስመር ወደ ግራና ወደ ቀኝ 12 ሚ.ሜ. ለኩና ሁለት ትይዩ መስመሮች አስምሩ። በእርሳስ ብቻ አትተዉት። በካተር ቆርጣችሁ አስገቡት፤ መሮው የሚያርፍበት ድንበር ያገኛል።
3. በሁለቱ መስመሮች መሐል 5 ሚ.ሜ. ጥልቀት ቆፍሩ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ይሁን።
4. አሁን ከወለሉ መሐል 10 ሚ.ሜ. ስፋት ያለውን ክፍል ብቻ ተጨማሪ 7 ሚ.ሜ. አውርዱ። ጠቅላላ ጥልቀቱ 12 ሚ.ሜ. ይሆናል።
5. በግድግዳውና በመሐሉ ቦይ መካከል የቀረውን ደረጃ ሰያፍ አድርጋችሁ አንሱት። የስምንት ማዕዘኑ የታችኛው ግማሽ ይኸውላችሁ።

በመጨረሻው ሚሊሜትር ላይ መለካት አቁሙና ጥላሸት ተጠቀሙ። የኩራዝ ጥላሸት በጥቂት ዘይት ለውሱና የአፈሙዙን የታችኛውን ግማሽ በስሱ ቀቡ። ቦይው ውስጥ አስገቡት፣ በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት። እንጨቱ ላይ ጥቁር ነጥቦች ታያላችሁ። አፈሙዙን ወደ ላይ የሚገፉት እነዚያ ቦታዎች ናቸው። ጥቁሩን ብቻ፣ ወረቀት በሚያህል ስስ ቅርፊት፣ በመሮ ፋቁ። ደግማችሁ አስገቡ፣ ደግማችሁ ፋቁ። መጀመሪያ ሦስት አራት ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው። እየሠራችሁ ስትሄዱ ነጥቦቹ ይበዛሉ፣ ይበታተናሉ። ጥቁሩ በጠቅላላው ወለል ላይ እኩል ሲረጭ አፈሙዙ ተቀምጧል ማለት ነው።

ንጹሕ የሆነውን ቦታ አትንኩ። "ትንሽ ጠበብ ብሎኛል" ብሎ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት የቦይውን ዳር ያሰፋዋል፤ የሰፋ ዳር ደግሞ ከክፍሉ ማዶ ይታያል።

ቦይው ከጠለቀ፦ ከዚያው እንጨት በመላጊያ የተላገ ስስ ቅርፊት ወለሉ ላይ በኮላ አንጥፉ። ከአፈሙዙ ሥር ስለሆነ ማንም አያየውም።

ግድግዳው ከሰፋ፦ ሰጋቱራና ኮላ አትጠቀሙ። ኮላ ዘይት አይጠጣም፤ ኋላ ነጣ ያለ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ጭረቱ የሚመሳሰል ቀጭን ስንጥር ከዚያው ጣውላ ቁረጡና ለጥፉ። ሲደርቅ ከላይ አስተካክሉት።

## ደረጃ 5፦ የጎኑ ሳህን፣ መቺውና የምላጩ መከለያ

እንጨቱ አሁንም አልተድቦለቦለም። ጥሩ።

መቺው የሚያርፍበትን የጎን ሳህን ከካርቶን ቆርጣችሁ ቅርጹን ወስኑ። ርዝመቱ 12 ሳ.ሜ. አካባቢ ቢሆን ከሌላው ጋር ይመጣጠናል። ካርቶኑን ናሱ ላይ ገልብጡና በብረት መጋዝ ቁረጡ፣ ጠርዙን በሞረድ አስተካክሉ። ከዚያ ሳህኑን በእንጨቱ ቀኝ ጎን፣ ቦይው የሚያበቃበትን መስመር አማክሎ፣ አስቀምጡ። ዙሪያውን በካተር ተከተሉ። እርሳስ ወፍራም ነው፣ ክፍተት ይተዋል። የናሱን ውፍረት ያህል ብቻ በመሮ አውርዱና ሳህኑን አስገቡ።

መቺውንና ምላጩን ከደረቅ ወይራ ቅረጹ። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ትንንሽ ቅርጽ ይይዛል። መቺውን ሳህኑ ላይ በአንድ ብሎን አጥብቃችሁ እሰሩት፤ እንዳይንቀሳቀስ ከሥሩ ኮላ አድርጉ።

የምላጩ መከለያ መታጠፍ አለበት። ናስ በቀዝቃዛው ደጋግሞ ሲታጠፍ ይጠነክራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ከማጠፋችሁ በፊት ከሰል ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሉት፣ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ይለሰልሳል። ክብ እንጨት ላይ አድርጋችሁ በእጅ እጠፉት። እንደገና መጠንከር ከጀመረ እንደገና አግሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ዚንክ የተቀባ የጣሪያ ቆርቆሮ በናስ ቦታ እሳት ላይ እንዳታስገቡ። ጭሱ ይመርዛል። ናሱንም ቢሆን ከሚገባው በላይ አታግሉት፤ ይህን ሥራ ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሥሩ።

## ደረጃ 6፦ ቅርጹን ማውጣት

አሁን ካርቶን ላይ ሙሉውን የጎን ቅርጽ ሳሉ። የሰደፉ የላይኛው መስመር ከአንገቱ በኋላ ከጣውላው ጠርዝ 3 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይ 5 ሳ.ሜ. ይወርዳል። የሰደፉ ኋላ ቁመት 11 ሳ.ሜ. ነው። አንገቱ 4 ሳ.ሜ.፣ ከአፈሙዙ ሥር ያለው የፊት ክፍል 3.5 ሳ.ሜ.።

በመጋዝ ስትቆርጡ ከመስመሩ 2 ሚ.ሜ. ውጭ ሁኑ። የቀረውን በሞረድ ታወርዱታላችሁ።

ከዚያ ማድቦልቦል ይጀመራል። በአንዴ ክብ አታድርጉት። መጀመሪያ ሹል ማዕዘኖቹን አንስታችሁ ስምንት ጎን አድርጉት፤ ቀጥሎ አሥራ ስድስት፤ ከዚያ ክብ። እያንዳንዱ ጠፍጣፋ ጎን በግራና በቀኝ እኩል ስፋት ካለው ሰደፉ አይዛነፍም። የኮላው መስመር ከላይም ከታችም መሐል ላይ መታየት አለበት። ወደ አንድ ጎን ካደላ ሞረዱን ወደ ተቃራኒው ጎን አዙሩ።

በጎኑ ሳህን ዙሪያ 5 ሚ.ሜ. ያህል ጠፍጣፋ ቦታ ተዉ። ሳህኑ ከነሙሉ ጠርዙ እንጨት ውስጥ ተቀምጦ መታየት አለበት። እዚህ ላይ ቸኩሎ ያድቦለቦለ ሰው የሳህኑ ጠርዝ ተንጠልጥሎ ይቀርበታል። ለዚያ ደግሞ ጥሩ መላ የለም፤ ሳህኑን አሳንሶ እንደገና ከመቁረጥ ሌላ።

ከፊት ክፍሉ ሥር ለመጠቅጠቂያው ዘንግ 8 ሚ.ሜ. ስፋትና 4 ሚ.ሜ. ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ።

## ደረጃ 7፦ ማለስለስ፣ ቀለምና ዘይት

ሳህኑንና መከለያውን አንሱ። በ80 ጀምሩ፣ እስከ 240 ውረዱ። ቁጥር አትዝለሉ። ሁልጊዜ የእንጨቱን ጭረት ተከትላችሁ አሹ። በ180 ከጨረሳችሁ በኋላ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሱና ይድረቅ። ፀጉሩ ይነሳል። በ240 አንሱት።

አፈሙዙን ብረት ማስመሰል። ቀለም ከመቀባት ይህ ይበልጣል። የሚዝግ የድስት ማጠቢያ ሽቦ በሳሙና ታጥቦ አቼቶ ውስጥ ይነከር። የማይዝግ ሽቦ አይሠራም፤ አሮጌ ሚስማር ግን ይሆናል። ዕቃውን አጥብቃችሁ አትክደኑ፤ ጋዝ ይፈጥራል፣ ሊፈነዳ ይችላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በጨርቅ አጥልሉት። መጀመሪያ አፈሙዙን በወፍራም ሻይ ቀቡት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ብረት የበላውን አቼቶ ቀቡት። ዓይናችሁ እያየ ወደ ጥቁር ግራጫ ይለወጣል። ካልጠቆረ ሻዩን ደግማችሁ ቀቡ። ቀለሙ እጅ ላይም ስለሚቀር ጓንት አድርጉ። ሰደፉ ላይ ከተንጠባጠበ ወዲያው የሎሚ ጭማቂ አድርጉበት፤ ሙሉ በሙሉ ባያጠፋውም ያለዝበዋል።

ሰደፉን ዘይት ማጠጣት። የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀቡ። 15 ደቂቃ ይጠጣ። ከዚያ ያልተጠጣውን ሁሉ ጥርግ አድርጋችሁ አንሱ። ዋናው ነገር ማንሳቱ ነው። ላዩ ላይ የቀረ ዘይት በደንብ አይደርቅም፣ ያጣብቃል። የሚቀጥለውን ዘይት የምትቀቡት የመጀመሪያው ሲደርቅ ብቻ ነው። ጣታችሁን አሳርፉበት፤ ከያዘ ገና ነው። ለቀለም ሥራ የሚሸጠው የተፈላ የተልባ ዘይት በ1 ቀን ገደማ ይደርቃል። ለምግብ የሚጨመቀው ጥሬ ዘይት ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። 4 ጊዜ መቀባት ጥሩ ውጤት ይሰጣል። የአፈሙዙን ቦይ ውስጡንም አንድ ጊዜ ቀቡት፤ እርጥበት እንዳይገባበት።

በአዳማ ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ዘይት አትቀቡ። ነፋሱ አቧራ አምጥቶ እርጥቡ ላይ ያለጥፈዋል። በጠዋት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሥሩ። ወለሉን ቀድማችሁ ውሃ ረጭ አድርጉበት።

እሳት! የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የታጠፈ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ከሥራ በኋላ ጨርቁን ደጅ ዘርጉትና እስኪደርቅ ድረስ ይቆይ፣ ወይም ውሃ የሞላ ጣሳ ውስጥ ንከሩት። ሰጋቱራ ያለበት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ በፍጹም እንዳትጥሉት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ዘይቱ ተጣብቆ እምቢ ካለ፦ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) በነካ ጨርቅ ላዩን ጥረጉ፣ በሁለተኛ ደረቅ ጨርቅ አድርቁት፣ ነፋስ ያለው ክፍል ውስጥ ይቆይ። ይህንንም ጨርቅ እንደ ዘይቱ ጨርቅ ጠንቀቅ በሉት።

## ደረጃ 8፦ መገጣጠም

1. አፈሙዙን ቦይው ውስጥ አስቀምጡ፣ በሞርሴቶ ያዙት። በመሐሉ ጨርቅ አድርጉ።
2. ከሥር፣ በመጠቅጠቂያው ቦይ ውስጥ፣ ሁለት ቦታ በድሪል ብሱ። ለ3 ሳ.ሜ. የእንጨት ብሎን ከብሎኑ ቀጠን ያለ ቀዳዳ ይሁን። ድሪሉ አፈሙዙን አልፎ ከላይ እንዳይወጣ መበሻው ላይ 2.5 ሳ.ሜ. ላይ ፕላስተር ጠቅልሉ።
3. ብሎኖቹን በእጅ አጥብቁ። የመጠቅጠቂያው ዘንግ ራሳቸውን ይሸፍነዋል።
4. ዘንጉን እስከ አፈሙዙ ጫፍ አድርሱት። ጫፉ አካባቢ በዘንጉና በአፈሙዙ መካከል ክፍተቱን የሚሞላ ትንሽ የእንጨት ቁራጭ አድርጋችሁ፣ ኋላ እንዲፈታ በኮላ ሳይሆን በቀጭን ብሎን እሰሩ።
5. ሳህኑንና መከለያውን መልሱ፣ ምላጩንም ቦታው ላይ አጣብቁ።

ናሱን ከመመለሳችሁ በፊት በአመድና በሎሚ አሹት። ያን ጊዜ ያበራል።

## ደረጃ 9፦ ሰምና መስቀያ

ሰም የሚገኘው ከማር ቤት ነው፤ ጠጅ የሚጥሉ ሰዎች ሰፈፉን ሊሰጧችሁም ይችላሉ። አቅልጡትና በጨርቅ አጥልሉት። 1 እጅ ሰም በ3 እጅ የተልባ ዘይት ውስጥ ይቅለጥ። ቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን ውሃ በሚፈላ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ አድርጉት። አኳራጅ ወይም ቲነር አትጨምሩበት። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይሆናል። በስሱ ቀብታችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ በደረቅ ጨርቅ አሹት።

መስቀያው ሁለት የእንጨት መንጠቆ ይሁን፤ አንዱ ከአንገቱ ሥር፣ አንዱ ከፊት ክፍሉ ሥር። ከእንጨቱ ጋር የሚነካካውን ቦታ በቆዳ ሸፍኑት። ፀሐይ በመስኮት የምትገባበት ግድግዳ አትምረጡ፤ በአንድ ጎን ብቻ እየደረቀ አፈሙዙ ይጎብጣል። ከመንገድ በመስኮት የሚታይበት ቦታም አይሁን።

መጀመሪያው ዓመት ላይ ክረምቱ ሲወጣ አውርዱትና ብሎኖቹን ተመልከቱ። እንጨቱ በእርጥበት አብጦ ሲደርቅ ስለሚሸሽ ብሎኖቹ ይላላሉ። አንድ ሩብ ዙር አጥብቁና መልሳችሁ ስቀሉት።